የሐሞት ጠጠር ነው አልኳቸው

ለሰፈሩ ሰው ሁሉ የሐሞት ጠጠር ነው ብያለሁ። ከእማዬና ከእህቴ በቀር እውነቱን የሚያውቅ የለም። ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ውሸቱ ከቁስሉ በላይ እያሳከከኝ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ግንቦት እንደገባ አዲስ አበባ ሄጄ ክብደት ለመቀነስ ጨጓራዬን አስቆረጥኩ። ዶክተሩ ወረቀት ላይ ስሎ አስረድቶኛል፤ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ይቀራል። ሆዴ ላይ ያለው አምስት ትናንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። ውሸቴም የቆመው በእሱ ነው፤ የሐሞት ጠጠርም ዛሬ ዛሬ በእንደዚህ ያለ ቀዳዳ ነው የሚወጣው። የገባሁ ዕለት 146 ኪሎ ነበርኩ። ድሬ ውስጥ ሰው በስሙ አይጠራም፤ የኔ ስም ከሃያ ዓመት በላይ «ኩንታል» ነው። ስሙ ሲወጣልኝ ገና 98 ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ስሙን አልፌው ሄድኩ።

ለምን ዋሸህ ብትሉኝ፣ የሚባለውን ስለማውቅ ነው። «አፉን መዝጋት አቅቶት ሆዱን አስቆረጠ» ይሉኛል። እኔም ስለ ሌላ ሰው ብሰማ እንዲሁ የምል ነበርኩ። ማታ ማታ ትንፋሼ እየተቋረጠ እህቴ በሩን ከፍታ እንደምታዳምጠኝ፣ የስኳር ኪኒኔ ከአንድ ወደ ሦስት እንደወጣ፣ ለዓመታት እየቀነስኩ መልሼ እንደጨመርኩ ለሰው ሁሉ ስተርክ ከምውል የሐሞት ጠጠር ማለት ቀለለኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ስላሳለፍኳቸው ቀናት ብዙ የምለው የለም። የተቀደደው ሆዴ ነው፤ ያመመኝ ግን ትከሻዬ ነበር። ሲሠሩ ሆድን የሚነፉበት ጋዝ የሚያመጣው ሕመም ትከሻ ላይ ይሰማል አሉኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ነርሷ «ተነስና ተራመድ፣ ደም እግርህ ላይ እንዳይረጋ» ብላ ኮሪደሩን አስዞረችኝ። የደም ማቅጠኛውን መርፌ እህቴ ለ14 ቀን ሆዴ ላይ ወጋችኝ። በሳምንቱ በአውሮፕላን ተመለስኩ።

የኔ ፈተና የጀመረው ድሬ ስደርስ ነው። ረሃብ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የመጣብኝ ጥም ነው።

የግንቦትን ድሬ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ከቀዝቃዛ ውኃ አንድ ሊትር በአንድ ትንፋሽ የምጨርስ ሰው ነበርኩ። አሁን በቀን አንድ ሊትር ተኩል መጠጣት አለብኝ፤ ግን በጉንጭ፣ በጉንጭ እየተባለ። ሆስፒታል የሰጡኝ መለኪያ 30 ሚሊ ሊትር ይይዛል። እቤት ስገባ እሱን ረስቼው ስለመጣሁ እማዬ የቡና ሲኒ ሰጠችኝ፤ ግማሽ ሲኒ ማለት ነው። አንድ ጉንጭ፣ ጥቂት ደቂቃ፣ ደግሞ አንድ ጉንጭ። ጧት ከእንቅልፌ ስነሣ የጀመርኩት ሊትር ተኩል ማታ ስተኛ አያልቅም። መብራት ሲሄድ ቬንትሌተሩ ይቆማል፣ ላቤ ይወርዳል፣ እኔ ሲኒ ይዤ ግቢው ውስጥ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ። ጎረቤት የሚያይ ቢኖር ሌሊቱን ሙሉ ቡና የሚጠጣ ሰው ነው የሚመስለው።

በአሥረኛው ሌሊት ፈራሁ። ልቤ ሲደልቅ ነቃሁ። ስፌቱ ቢያፈስ ምልክቱ ትኩሳት፣ የማይለቅ የሆድ ሕመምና የልብ ምት መፍጠን እንደሆነ ነግረውኛል፤ ምቱ ከ120 አልፎ ካልወረደ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ና ተብያለሁ። እህቴ እጄን ይዛ ሰዓት እያየች ቆጠረች። 104። ትኩሳት የለም። ዶክተሩ ስልኩን በሌሊት ማንሣቱን አልረሳለትም። «ዛሬ ስንት ጠጣህ?» ነው ያለኝ መጀመሪያ። ስደምረው ግማሽ ሊትር አልሞላም። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ ሰውን ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱት ነገሮች አንዱ የውኃ እጥረት ነው አለኝ፤ እስኪነጋ በየጥቂት ደቂቃው ጠጣ፣ ካልወረደ እዚያው ድሬ ሄደህ ግሉኮስ ይሰኩልህ። ኦ አር ኤስ በጠበጥን። እህቴ የስልኳን ደወል እየሞላች በጮኸ ቁጥር «ጉንጭ!» ትላለች። ሊነጋጋ ሲል 88 ገባ። እሷ ወንበር ላይ አፏን ከፍታ ተኝታ ነበር፤ ስልኩ ሲጮህ አጥፍቼ ራሴ ጠጣሁ።

ከዚያ ደግሞ ጠያቂው አለ። የታመመ ሰው ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ሚሪንዳ፣ በፔርሙስ የተሞላ የአጃ አጥሚት በማርና በቅቤ። «ይኼን ሳትጠጣማ አልሄድም።» ሐኪም ከልክሎኛል ብል ማን ሊሰማ? «ከኔ እጅ ነው የተከለከልከው?» ጉርሻ ይዞ አፍ ላይ የቆመ ሰው መመለስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያልታመመ አያውቅም። የጫት ጓደኞቼ ደግሞ «በርጫው እዚህ ይሁን፣ ብቻህን አይክፋህ» ብለው ክፍሌን ሞሉት። ጫቱ ተከልክያለሁ፣ ለስላሳው በጋዙ ምክንያት ተከልክያለሁ፤ ጨዋታው ብቻ ቀረኝ። ያለ ጫት ስሰማው ደግሞ ያን ያህል ጨዋታ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

እማዬ እውነቱን እያወቀች ከሁሉም ባሰች። «በሃምሳው ሰው ሁሉ ሲገድፍ የኔ ልጅ ይጾማል» እያለች ለሚመጣው ሁሉ ታዝናለች። ማታ ብቻችንን ስንሆን ደግሞ፣ «ልጄ፣ ጤነኛ ሆድ ይቆረጣል? እኔ እኮ ነኝ ያወፈርኩህ፣ እኔን በተቆጣኸኝ» አለችኝ። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ደግሞ የአባቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና የሽሚንደፈር፣ የድሮው ባቡር፣ ሠራተኛ ነበር፤ ምሳውን ከፊሽካው በፊት ለመጨረስ ሳያላምጥ ነበር የሚውጠው። እኛም ትሪው ላይ ከሱ እኩል ካልፈጠንን አይደርሰንም ነበር። ባቡሩ ቀርቶ ፊሽካው ከጠፋ ስንት ዓመቱ፣ እኔ እስከዚህ ወር ድረስ እሽቀዳደም ነበር። አሁን ሦስት ማንኪያ ለመብላት ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ከመብላቴ በፊትም በኋላም ግማሽ ሰዓት ውኃ የለም።

አንድ ሰው ብቻ አላመነኝም መሰለኝ። ጎረቤታችን ሐጂያ የፍየል መረቅ ይዘው መጡ። «አላህ አፊያ ይስጥህ» ብለው ተቀመጡና በሲኒ ስጠጣ ዝም ብለው አዩኝ። «የኔ ሐሞት የወጣ ጊዜ» አሉ ቆይተው፣ «በሳምንቱ ሩዝ በልቻለሁ።» ሌላ አልተናገሩም። በማግስቱ መረቁ ቅባቱ ተገፎ፣ በወንፊት ተጣርቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ በየማታው ይመጣል። በዚህ ወር ከውጭ ከመጣልኝ ምግብ ሁሉ አንጀቴ ላይ የደረሰው እሱ ብቻ ነው። የፕሮቲን ዱቄቱን በወተት ስጠጣማ ኖራ የዋጥኩ ይመስለኛል፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ስለተባልኩ ግን አፍንጫዬን ይዤ እጠጣዋለሁ።

ረሃቡ በእርግጥ የለም። ረሃብን ለአንጎል የሚያሳብቀው ግሬሊን የሚባል ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከተቆረጠው ክፍል ነው አሉ። እጄ ግን ይኼን አልሰማም። በከፊራ ገበያ በኩል ሳልፍ ሳምቡሳ የሚጠበስበት ጋ እግሬ ራሱ ይቆማል። ኪሴ ውስጥ ብር እየቆጠርኩ ራሴን አገኘሁት። አልራበኝም እኮ! ታዲያ ምን ልገዛ ነው? ተናድጄ፣ አኩርፌ፣ ደስ ብሎኝ ስበላ የኖርኩ ሰው አሁን ስናደድ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ትናንት ከእህቴ ጋር በረባ ባልረባው ተጣላሁና ደቻቱ ወንዝ ድረስ በእግሬ ሄጄ አሸዋውን አይቼ ተመለስኩ።

ሚዛኑም ይኸው አምስት ቀን ሆነው 133 ላይ ቆሟል። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ እንዲህ መቆም የብዙ ሰው ነው ተብዬ ነበር። ቢነገረኝም በየጧቱ እየወጣሁበት እሰድበዋለሁ።

ዛሬ ጧት ወደ ፉል ቤቱ ሄድኩ። የደቀቀ ምግብ ከተፈቀደልኝ ቀናት ሆኖታል፤ ፉል ደግሞ ምን የተለየ ነገር አለው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ድሮ ሁለት ሻሃን ከአራት ዳቦ ጋር ጠራርጌ ነበር ወደ ሥራ የምሄደው። ገና ሲያየኝ ባለቤቱ «ኩንታል መጣ!» ብሎ ጮኸ፣ ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ያለ ዳቦ፣ ያለ ቃሪያ፣ ያለ ዘይት፣ በደንብ የተደቆሰ አልኩት። እናቱን የሰደብኩበት ያህል አየኝ።

የመጀመሪያው ማንኪያ… ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨው ያለው፣ ትኩስ፣ ከሰው ጋር የሚበላ ነገር አልቀመስኩም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ቃሪያ እንኳ የለበትም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ስቅታ ያዘኝ። የጠገብኩበት ምልክት እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሻሃኑ ሙሉ ነበር፣ ሰውየውም እያየኝ ነበር፣ አባቴም የሆነ ቦታ ፊሽካ ሰምቶ መሰለኝ አራተኛዋን ጎረስኩ።

ደረቴ ላይ ድንጋይ ተቀመጠ። ሮጬ ወጥቼ የድሬዳዋ ዛፉ ሥር ጎንበስ አልኩ። ፉሉ አልወጣም፣ አረፋ የሆነ ምራቅ ብቻ እየተዝለገለገ ወረደ። አበባው ረግፎ መሬቱ ቀይ ስለነበር አንድ አላፊ ደም መስሎት ደነገጠ። ባለቤቱ በጆግ ውኃ ይዞ መጣ፣ እሱንም መጠጣት አልችልም፤ በእጄ እምቢ አልኩ። እስኪለቀኝ አጠገቤ ቆመ።

«ሐሞት ይኼን አያደርግም» አለኝ።

«ሐሞት አይደለም» አልኩት። ነገርኩት። ሙዙን፣ 80 በመቶውን፣ ሲኒውን፣ ሁሉንም፤ ላቤን እየጠረግኩ እዚያው ዛፉ ሥር። ሲሰማ ቆየና፣

«አቦ ኩንታል፣ ጨጓራህን የት ጥለኸው መጣህ?»

«አዲስ አበባ።»

ገብቶ የተረፈውን ፉል በትንሽ ዕቃ ገልብጦ፣ ክዳኑን ገጥሞ ሰጠኝ። «ለሦስት ቀን ይበቃሃል» አለ። «ሒሳቡ ግን የሙሉ ሻሃን ነው።»

ከፈልኩት።