አራተኛ ኦርደር ባተርወርዝ ፊልተር እንዴት እንደሠራሁ

የፈለግሁት ከ1 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ሲግናል አሳልፎ፣ 4 ኪሎኸርዝ ላይ ያለውን ረብሻ ቢያንስ በ45 ዲሲብል የሚቀንስ ሎው ፓስ ፊልተር ነበር። ባተርወርዝ የተባለውን የፊልተር ዓይነት የመረጥሁት በማሳለፊያው ክልል ጌይኑ (የሚወጣው ሲግናል ለሚገባው ሲካፈል) ስለማይዋዥቅ ነው። ኦርደሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቅነሳው ይበረታል፤ ሦስተኛ ኦርደር 4 ኪሎኸርዝ ላይ የሚቀንሰው 36 ዲሲብል ብቻ ነው፤ አራተኛው 48 ይደርሳል።

አራተኛ ኦርደር ሁለት የሳለን ኪ ደረጃዎችን ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ በአንድ ኦፕ አምፕ (የሲግናል ማጉያ ቺፕ)፣ በሁለት ሬዚስተርና በሁለት ካፓሲተር የሚሠራ ሰርኪዩት ነው። ሁለቱም በ1 ኪሎኸርዝ ይሰላሉ፣ ኪው የሚባለው ቁጥራቸው (ደረጃው በዚያ ድግግሞሽ አካባቢ ምን ያህል እንደሚያብጥ የሚወስነው) ግን 0.541 እና 1.307 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኪዋቸው 0.707 የሆኑ ሁለት ተመሳሳይ ደረጃዎችን ያገናኛል። ያኔ 1 ኪሎኸርዝ ላይ በ3 ፈንታ 6 ዲሲብል ይጠፋል።

ካፓሲተር እንደ ሬዚስተር በብዙ መጠን ስለማይገኝ ስሌቱን ከእሱ ጀመርሁ። ከኦፕ አምፑ አውትፑት የሚመለሰው ካፓሲተር፣ ወደ ግራውንድ ከሚወርደው ጋር ሲካፈል ውጤቱ ከኪው ስኩዌር አራት እጥፍ ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ለሬዚስተሮቹ መልስ አይገኝም። ለመጀመሪያው ደረጃ 22 እና 10 ናኖፋራድ ወስጄ፣ ቅርብ የሆኑትን ባለ 1 በመቶ ሬዚስተሮች 4.64 እና 24.9 ኪሎኦም አገኘሁ። ለሁለተኛው 47 እና 4.7 ናኖፋራድ፣ ከ5.62 እና 20.5 ኪሎኦም ጋር።

ከማገናኘቴ በፊት እያንዳንዱን ደረጃ ለብቻው ለካሁ። 1 ቮልት፣ 1 ኪሎኸርዝ ሳይን ሲገባ የመጀመሪያው 0.54፣ ሁለተኛው 1.3 ቮልት ገደማ ማውጣት አለበት። ሁለተኛው 840 ኸርዝ አካባቢ 1.41 ቮልት ድረስ ያብጣል፤ ይህን እብጠት ለማጥፋት የሚሞክር ሰው ፊልተሩን ያበላሻል። የመጀመሪያው ደረጃ ዝቅታ የሚካካሰው በዚሁ እብጠት ነው፤ 1 ኪሎኸርዝ ላይ ያሉት ሁለቱ ውጤቶች ሲባዙ 0.707፣ ማለትም የሚፈለገው የ3 ዲሲብል ቅነሳ፣ ይመጣል። ዝቅተኛ ኪው ያለውን ያስቀደምሁትም ሲግናሉ ገና ሳይቀንስ አብጦ ኦፕ አምፑ የሞገዱን ጫፍ እንዳይቆርጠው ነው።

ኤክስ ሰቨን አር የተባለው የሴራሚክ ካፓሲተር ዓይነት እዚህ ቦታ የለውም፤ ቮልቴጅ ሲጨምር መጠኑ ስለሚወርድ ኪውም ድግግሞሹም ይሸሻል፣ ሲግናሉም ይዛባል። ካፓሲተሩ ሲ ዜሮ ጂ የተባለው ሴራሚክ ወይም ፊልም ይሁን። ሌላው ችግር በከፍተኛ ድግግሞሽ ይታያል፤ የኦፕ አምፑ አውትፑት ኢምፒዳንስ ስለሚጨምር ረብሻው በመላሹ ካፓሲተር በኩል ሾልኮ ይወጣል። መጨረሻ ላይ 1 ኪሎኦም እና 3.3 ናኖፋራድ ጨምሬ ከ48 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አዳከምሁት።

ካሬ ሞገድ ሲገባ አውትፑቱ 11 በመቶ ገደማ ዘሎ ይመለሳል፤ የባተርወርዝ ጠባይ ነው፣ በማስተካከል አይጠፋም። የሞገዱ ቅርጽ ከጌይኑ እኩልነት የሚበልጥበት ሥራ ላይ ቤሰል የተባለው የፊልተር ዓይነት ይሻላል፦ ኪዎቹ 0.52 እና 0.81 ይሆናሉ፣ የሁለቱ ደረጃዎች ድግግሞሽም ለየብቻ ይሰላል።