ዳታ ሲያልቅም የሚሠሩ አፖች

አንድ አፕ ስልካችሁ ላይ ቦታ ይገባው እንደሆነ ለማወቅ ኤርፕሌን ሞድ አብሩና ክፈቱት። ባዶ ገጽ ላይ ክቧ ብቻ እየዞረች ከቀረች ፓኬጅ ባለቀ ቀን አይደርስላችሁም። እነዚህ ግን ይደርሳሉ።

በጣም የሚጠቅመው ካርታ ነው። ጉግል ማፕስ ላይ የፕሮፋይል ፎቷችሁን ነክታችሁ «ኦፍላይን ማፕስ» ውስጥ ስትገቡ የምትፈልጉትን አካባቢ ከልላችሁ ማውረድ ትችላላችሁ። ጉድለቱ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚመራው ባለመኪናውን ብቻ መሆኑ ነው፤ የእግር መንገድ አያወጣም። ለእግረኛ ኦርጋኒክ ማፕስ ይሻላል። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ካርታውን የሚወስደው በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። ዋይፋይ ባለበት አንዴ ካወረዳችሁት የእግሩንም የብስክሌቱንም መንገድ ያለ ኔትወርክ ያሳያል።

ብዙ ሰው «ያለ ዳታ ጂፒኤስ አይሠራም» ይላል። ይሠራል፤ ስልኩ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ያዳምጣል እንጂ ወደ የትም አይልክም። የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ዳታ ሲኖር ስልኩ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ከኢንተርኔት ያገኘዋል። ሳይኖር ግን ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ መቀበል አለበት፣ ይህም ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሆናችሁ አትጠብቁ፤ ሰማይ ወደሚታይበት ወጥታችሁ ቁሙ።

እንደኛ የመንገድ ስም ሳይሆን «ከፋርማሲው ጀርባ» እየተባለ በሚኬድበት ከተማ ፍለጋው ባዶ ሊያወጣ ይችላል። ስሙን በሌላ ፊደል (ሀ በ ሐ፣ ሰ በ ሠ) ከዚያም በላቲን ሞክሩ። ካልሆነ በር ላይ ቆማችሁ ቦታውን አስቀምጡት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብሎክ ለብሎክ ከመዞር ያድናል፤ የተቀመጠውንም ፋይል አድርጎ ለሌላ ሰው መላክ ይቻላል።

የኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ አፕ ፕሌይ ስቶር ላይ ሞልቷል፣ እኩል ግን አይደለም። ከማመናችሁ በፊት ጳጉሜን 2015ን ክፈቱ፤ 6 ቀን ሊኖራት ይገባል። የ2016ቷ 5 ናት። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ቀጣዩ እንቁጣጣሽ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ጋር ካልገጠመ አጥፉት። በዓላቱንም ፈትኑ፦ የ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። ደግሞስ ቀን የሚቆጥር አፕ የስልክ ቁጥሮቻችሁንና መልእክታችሁን ለማንበብ ፈቃድ የሚጠይቀው ለምን ይሆን? «አይ» በሉት፤ ካኮረፈ ሌላ አለ።

ለመዝናኛ ቪኤልሲ። ያልተከፈተ የቪዲዮ ፋይል ሁሉ እሱ ጋ ይሞከር። የትርጉም ጽሑፉን ፋይል ልክ እንደ ፊልሙ ሰይማችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ ካስቀመጣችሁት ራሱ ያነሣዋል። አማርኛው የጥያቄ ምልክትና ሳጥን ሆኖ ከመጣ ብዙውን ጊዜ የትርጉም ፋይሉ ፊደላት የተቀመጡበት አሠራር (ኢንኮዲንግ) ነው ችግሩ፤ የአማርኛ ፊደልን በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 እንደገና አስቀምጡት። ረጅም ስብከት ወይም ቃለ ምልልስ «ፕሌይ አዝ ኦዲዮ» ብላችሁ ስክሪኑን አጥፍታችሁ ብታዳምጡት ባትሪ ይቆጥባል።

ቼዝ ለሚወድ ሊቼስ አለ፤ ማስታወቂያም ክፍያም የለውም። በሌላ ስልክ ካለ ሰው ጋር ለመጫወት ኢንተርኔት ግድ ነው፣ እንቆቅልሾቹን ግን ዳታ ሳለ ከፈት ካደረጋችሁት ለኋላ ያስቀምጣል።

የወረደውን ከአንድሮይድ ወደ አንድሮይድ ለማዛወር ኩዊክ ሼር ይበቃል። ብሉቱዙም ዋይፋዩም ይብራ፤ ዋይፋዩ ከምንም ጋር መገናኘት የለበትም። የተቀባዩ ስልክ ካልታየ አብዛኛውን ጊዜ «ኮንታክትስ» ብቻ ላይ ስለተቀመጠ ነው፤ ለ10 ደቂቃ «ኤቭሪዋን» ያድርገው። ፊልምና ፎቶ በዚህ ይለፍ። የባንክና የቴሌብር አፕ ግን ከጓደኛ ስልክም ሆነ ከቴሌግራም ግሩፕ አይወሰድም፤ ውስጡ የተነካካ ይሁን አይሁን በዓይን አይለይም።