ሠላሳ እና ስልሳ

ሰኔ ሲገባ እንቅልፌ ይጠፋል። የሮስተር ወር ነው። የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ከ6ኛ ክፍል ሴክሽኖች የአንዱ የክፍል ኃላፊም እኔ ነኝ። 52 ልጆች፣ የእያንዳንዳቸው የስምንት ትምህርት ውጤት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። ሌሎቹ መምህራን ሻይ እየጠጡ በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል። እኔ ወደ ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ልጆቼ ከተኙ በኋላ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አስይዤ፣ በካልኩሌተር ሦስት ጊዜ እደምራለሁ። ሦስቱም ጊዜ የተለያየ ድምር የሚመጣበት ሌሊት አለ።

ከአራት ዓመት በፊት የአንዲት ተማሪዬ ድምር 687 ነበር። እኔ 678 ብዬ ጻፍኩት። 3ኛ መውጣት የሚገባት ልጅ 5ኛ ወጣች። በማግስቱ አባቷ ካርዱን ይዞ መጣ። አልተቆጣም። «መምህርት፣ እስቲ አንዴ አብረን እንደምረው» አለኝ። ጣቱን በካርዱ ላይ ወደ ታች እያስኬደ በቃሉ ደመረ። እኔም ከጎኑ ቆሜ፣ የምደምር ለመምሰል ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ሲጨርስ ቀና ብሎ «687 አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። አልደመርኩም ነበር። እሱ ስላለ አመንኩት።

ልጅቷ ከኋላው ቆማ ጫማዋን ታያለች። ካርዱ ያኔውኑ ተስተካከለ። ግን ክረምቱን ሙሉ ያቺ ልጅ ከዓይኔ አልጠፋችም። ይቅርታ ብላትም ምክንያቱን ልነግራት አልቻልኩም። እኔ ራሴ አላውቀውም ነበርና።

ስሙን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ፣ ዲግሪዬን በክረምት ስማር ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያስተምረን መምህር ነጠብጣቦች ያሉበት ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራ። «ሳትቆጥሩ ስንት ናቸው?» አለ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አራት!» አለ። እኔ ገና ሁለተኛው ላይ ነበርኩ። ሌላ አበራ፤ ያኔም ቀደሙኝ። ከዚያ አስረዳን። አብዛኛው ሰው እስከ አራት ያለውን ብዛት ሳይቆጥር፣ በአንድ እይታ ያውቀዋል። ይህ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ግን አሉ። ከስንፍና ወይም ከማሰብ ችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም፤ አንጎል ብዛትን የሚያስተናግድበት መንገድ ይለያል። ዲስካልኩሊያ ይባላል።

እዚያው ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ያሰብኩት ገበጣን ነው።

ልጅ ሆነን ከታላቅ እህቴ ጋር ደጃፋችን ላይ መሬት ቆፍረን እንጫወት ነበር። በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር። እህቴ ጉድጓዶቹን ከላይ ቃኘት አድርጋ የቱን እንደምታነሳ ትወስናለች። እኔ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ እቆጥራለሁ። «አትንኪ! የነካሽውን ትጫወቻለሽ!» ትለኛለች። ስለዚህ ያለ ቆጠራ፣ እንዲሁ በግምት አነሳለሁ። ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። እሷ ብልጥ ስለሆነች ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷ የምታየውን እኔ አላይም።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄጄ ሁለት ቀን ተመረመርኩና ተረጋገጠልኝ። ያኔ 36 ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ላዲስላቭ ኮሽች የሚባል የቼኮዝሎቫኪያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለዚህ ችግር ሰፊ ጥናት አሳትሟል። እኔ ከመወለዴ በፊት ማለት ነው። ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተንበርክኬ ማባዣ በቃሌ እንድወጣ ስገደድ፣ አርጩሜ ሲያርፍብኝ፣ እናቴ ትምህርት እንዲገባኝ ብላ ጠበል ይዛኝ ስትመላለስ፣ ነገሩ ስም ከወጣለት ቆይቶ ነበር። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። የመታኝን መምህር እንኳ ይቅር ብዬዋለሁ፤ እሱም ማንም አልነገረውም። ያንገበገበኝ ያለፈው ጊዜ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ100 ሰው ከ3 እስከ 7 የሚሆነው ይህ ችግር አለበት ይላል። ከ52 ልጆቼ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት መሆኑ ነው። ያሰላልኝ ባለቤቴ ነው።

ሰው ችግሩ ክፍል ውስጥ የሚቀር ይመስለዋል። አይቀርም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሠላሳ» ይበል «ስልሳ» አይለይልኝም። ጆሮዬ ደህና ነው። ቃሉን እሰማዋለሁ፤ ቃሉ የያዘው ብዛት ግን አይመጣልኝም። ሰባትና ሰባ፣ ስምንትና ሰማንያም እንደዚያው። ስለዚህ ትልቅ ብር እሰጥና የመለሰልኝን ሳልቆጥር ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ስንቴ እንደጎደለብኝ አላውቅም። ብርን የማውቀው በቀለሙ ነበር። በ2013 መስከረም ብሩ ሲቀየር፣ መቶ ብዬ የለመድኩት አረንጓዴ አሥር ሆኖ መጣ። ብዙ ወር ገበያ ብቻዬን አልወጣሁም። ሰዓትም አለ። ስልኬ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ስድስት መቀነስ ለሌላው ሰው ትንፋሽ እንደመውሰድ ነው። እኔ ቆሜ በጣቴ እቆጥራለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የእድሩ ነገር ነው። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ሲያርፉ ሰብሳቢው ቤቴ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ ታማኝም ነሽ። ይህን ከአንቺ ሌላ ለማን እንሰጣለን?» አሉኝ። አልችልም አልኳቸው። ጊዜ የለኝም ብዬ ዋሸሁ። ቡናውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ውስጥ «ኮራች» ተባለ። ለቅሶ ቤት ስገባ ወሬ የሚቋረጥ ይመስለኝ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ቻልኩት።

ምርመራዬን ካገኘሁ በኋላ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ኮርቼ አይደለም። ቁጥር ይምታታብኛል። የሰው ገንዘብ ይጠፋብኛል ብዬ ፈርቼ ነው» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?» አሉኝ። አሁን የእድሩን ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ገንዘቡን ሌላ ሰው ይይዛል።

ብዙ ነገር አቅልያለሁ። ብር በስልክ በምልክበት ጊዜ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የተቀባዩን ስም ሳላይ አልልክም። ሮስተሩን ከሒሳብ መምህሩ ጋር ተነጋግረን ተከፋፍለነዋል። እሱ ይደምርልኛል፤ እኔ የእሱን ተማሪዎች የባሕርይ አስተያየት እጽፍለታለሁ። ስጠይቀው ላብ አጥምቆኝ ነበር። «ይኼ ብቻ ነው?» አለኝ።

ሰሞኑን እናቴን ደጋግሜ አስባታለሁ። ገበያ ስትሄድ ገንዘቧን በነጠላዋ ጫፍ በየቋጠሮው ለየብቻ ትይዝ ነበር። ይህ ለሽንኩርት፣ ይህ ለዘይት፣ ይህ ለበርበሬ። ሻጯ ፊት አንዱን ቋጠሮ ፈትታ እንዳለ ትሰጣለች። መልስ ስትቆጥር አይቻት አላውቅም። እንዲህ ያለው ነገር ከቤተሰብ ሊወረስ እንደሚችል ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁና አለቀስኩ። በሕይወት ብትኖር ኖሮ እጠይቃት ነበር።

ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። ታሪክ ስታወራ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይልላታል። ባለፈው ማክሰኞ የሒሳብ መምህሩ ስላልመጣ ክፍለ ጊዜውን እኔ ያዝኩት። የቤት ሥራቸውን እየሠሩ በወንበሮቹ መሃል ስዘዋወር እጆቿን አየኋቸው። ከዴስኩ ሥር፣ ጉልበቷ ላይ፣ ጣቶቿ አንድ በአንድ ይታጠፋሉ። አጠገቧ ስደርስ ቶሎ ጨበጠቻቸው።

ጎንበስ ብዬ «እጅሽን ከዴስኩ በላይ አድርጊው» አልኳት።

ልትመታ መስሏት ሁለቱንም መዳፎቿን ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች።

«እንድትቆጥሪበት ነው» አልኳት። አጠገቧ ተቀመጥኩና የእኔንም እጆች ከእሷ ጎን ዴስኩ ላይ ዘረጋሁ። ስምንት ሲደመር ሰባት ነበር። የእሷ ጣቶች አልበቁንም። ከእኔ ጨመርን።