የበዓል ምግብ ከመጽሐፍ፦ ቁጥሮቹን ወደ ራስ ኩሽና ማምጣት

ከምግብ ዝግጅት መጽሐፍ የተሠራ የበዓል ኬክ መሀሉ ሲሰምጥ ወይም ጥብሱ ሲደርቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እጁን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእጅ አይደለም። ጸሐፊው «አንድ ኩባያ» ሲል የያዘው ኩባያ፣ «180 ዲግሪ» ሲል ያበራው ኦቨን፣ ሊጡን ያፈሰሰበት መጋገሪያ፣ ኩሽናው ያለበት ከፍታ ጭምር ከእናንተ ይለያል። መጽሐፉ ይህን ሁሉ አያብራራም፤ ቁጥሩን ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው እርሳስ ይዞ ቁጥሮቹን ወደ ራስ ኩሽና ማምጣት ያስፈልጋል። መጽሐፉ ላይ መጻፍ የሚያሳዝነው ሰው ወረቀት ይለጥፍበት።

ከኩባያው እንጀምር። በአሜሪካ መጻሕፍት አንድ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ በአውስትራሊያ 250። የሾርባ ማንኪያ በአብዛኛው 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን የአውስትራሊያው 20 ነው። የሻይ ማንኪያ በሁለቱም 5 ነው። ይህ ልዩነት ሾርባ አያበላሽም። ትልቁ ጣጣ ያለው ዱቄት ላይ ነው። ዱቄቱን በማንኪያ እየጨመራችሁ ኩባያውን ሞልታችሁ አፉን በቢላ ብታስተካክሉት 120 እስከ 125 ግራም ይመዝናል። ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክራችሁ ብታወጡት ግን ዱቄቱ ስለሚጠቀጠቅ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። ሦስት ኩባያ በሚጠይቅ ኬክ ላይ ይህ ከ75 እስከ 90 ግራም ትርፍ ዱቄት ነው፤ ኬኩ ደርቆ የሚፈረፈረው በዚህ ነው። የኩሽና ሚዛን ካላችሁ ገጹ ዳር ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ አንድ የአሜሪካ ኩባያ ስኳር 200 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 227 ግራም፣ ዱቄት 125 ግራም። የአሜሪካ መጻሕፍት ቅቤን «አንድ ዘንግ» እያሉ ከቆጠሩ አንዱ 113 ግራም ነው።

እንቁላልም ይመዘናል። «ትልቅ እንቁላል» የሚለው ከቅርፊቱ ውጪ 50 ግራም ገደማ ማለት ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ትንንሽ ከሆነ ቁጥሩን ትታችሁ ክብደቱን ተከተሉ፤ አራት ትልቅ እንቁላል ለሚል አሠራር 200 ግራም እስኪሞላ መስበር ነው።

ቤኪንግ ፓውደርና ቤኪንግ ሶዳን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። ሶዳው ከፓውደሩ በሦስት ወይም በአራት እጥፍ ይበረታል፤ ሥራውን የሚሠራውም እንደ እርጎ፣ ሎሚ ወይም ማር ያለ አሲድነት ያለው ነገር ሲያገኝ ነው። ፓውደሩን በሶዳ እኩል ለእኩል የተካ ሰው ጠቆር ያለና ሳሙና ሳሙና የሚል ኬክ ያወጣል። ለ125 ግራም ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ፓውደር በቂ ነው፤ መጽሐፉ ከዚህ በጣም የራቀ መጠን ካዘዘ ሁለት ጊዜ አንብቡት። የፓውደሩ ጣሳ ከተከፈተ የቆየ ከሆነ ከፓውደሩ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ወስዳችሁ ትኩስ ውሃ ውስጥ ጨምሩ። ወዲያው ካልተንቸከቸከ ጣሉት። «ራሱ ኩፍ የሚል ዱቄት» ከተባለና ከሌላችሁ በ125 ግራም ተራ ዱቄት ላይ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ፓውደርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅላችሁ ንፉት።

ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የሚብስ ነገር አለ። አብዛኞቹ መጻሕፍት የተጻፉት ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ለማይል ኩሽና ነው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ 2,000 ሜትር ላይ ወደ 93 ዲግሪ ይወርዳል። የአየሩ ግፊት ስለሚሳሳ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ፈጥኖ ይነፋል፤ እርጥበቱም ቶሎ ይተናል። ኬኩ እንቁላሉና ዱቄቱ ሳይጠነክሩ ቀድሞ ኩፍ ይላል፤ የሚሸከመው ስለሌለ መልሶ ይሟሽሻል። 2,000 ሜትር አካባቢ ከሆናችሁ ከእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ቀንሱ፤ ከ200 ግራም ስኳር 25 ግራም ገደማ ቀንሱ፤ መጽሐፉ ለሚያዘው ለእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ ከ2 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፤ ኦቨኑን ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ከፍ አድርጉ። ስኳሩን መቀነስ ጣዕም ለመለወጥ አይደለም። ውሃ ሲተን የስኳሩ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ስኳር ሲበዛ ደግሞ ኬኩ የሚጠነክርበት ጊዜ ይዘገያል። እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ስለሆኑ ከበዓሉ በፊት አንድ ቀን በግማሽ መጠን ይሞከሩ።

የኦቨን ሙቀት በፋራናይት ከተጻፈ 325 ወደ 163፣ 350 ወደ 177፣ 400 ወደ 204፣ 425 ወደ 218 ሴልሺየስ ይሆናል። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ 20 ዲግሪ ቀንሱ። የብዙ ኦቨኖች መዘውር የሚያሳየውና ውስጡ ያለው ሙቀት ስለማይገጥም ትንሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ከማንኛውም ጌጠኛ የኩሽና ዕቃ በፊት መገዛት ያለበት ይመስለኛል። ኦቨኑን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ አሙቁ። የኦቨኑ ጠቋሚ መብራት ጠፋ ማለት የኦቨኑ ግድግዳ ሁሉ ሞቀ ማለት አይደለም።

የመጋገሪያው ስፋትም ስሌት ይጠይቃል። 20 ሴንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 23 ሴንቲ ሜትሩ 415። ለ20 የተጻፈውን ሊጥ 23 ላይ ብታፈሱት ስስ ሆኖ ቀድሞ ይደርቃል፤ ውፍረቱ እንዲጠበቅ መጠኑ በ1.3 ይባዛል። 20 በ20 የሆነ አራት ማዕዘን ደግሞ 400 ስለሆነ ከ23ቱ ክብ ጋር ሊለዋወጥ ይችላል። ሊጡ የመጋገሪያውን ቁመት ሁለት ሦስተኛ እንዳያልፍ። እጥፍ ስትሠሩ በአንድ ጥልቅ ዕቃ ከመጋገር ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ ጥልቁ ዳሩ ሲያር መሀሉ ጥሬ ይቀራል።

ስለ ቅቤና ስኳር አንድ ነገር ብቻ። «ለስላሳ ቅቤ» ማለት የቀለጠ ቅቤ አይደለም። ጣት ሲጫነው ጎድጎድ ብሎ የሚቀር፣ ግን ዘይት የማያወጣ፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ የሆነ ቅቤ ነው። ከስኳሩ ጋር ነጣ እስኪል አራት አምስት ደቂቃ ይመታል፤ አየሩን የሚይዘው በዚህ ጊዜ ነውና አይቸኮልበትም። እንቁላሉ ከፍሪጅ ወጥቶ የቆየ ይሁን፤ አንድ በአንድ ይጨመር። ድብልቁ ከተቆራረጠ ከዱቄቱ አንድ ማንኪያ ጣል ማድረግ ያስታርቀዋል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ግን ብዙ ማሸት ኬኩን እንደ ዳቦ ያጠነክረዋል።

ኬኩ ከወጣ በኋላ መልኩ ብዙ ይናገራል። መሀሉ ተራራ ሆኖ ከተሰነጠቀ ኦቨኑ ከሚገባው በላይ ሞቋል። ጉድጓድ ከሠራ ወይ ፓውደሩ በዝቷል ወይ ሳይበስል በሩ ተከፍቷል። ውስጡ ረጃጅም ቀዳዳዎች ካሉት ሊጡ ብዙ ታሽቷል። ታችኛው ክፍል እንደ ላስቲክ ከደደረ ደግሞ ቅቤውና ስኳሩ በደንብ አልተመታም ወይም ፈሳሹ በዝቷል።

ወደ ጥብሱ ስንመጣ «ለአንድ ኪሎ ይህን ያህል ደቂቃ» የሚለውን የመጽሐፍ ሠንጠረዥ እንደ ግምት ብቻ ያዙት። የሥጋው ቅርጽ፣ ከፍሪጅ ሲወጣ የነበረው ቅዝቃዜ፣ የድስቱ ጥልቀት ሁሉ ጊዜውን ይለውጡታል። ሙሉ ዶሮ ወይም ተርኪ የሚበስልበት ምልክት በጭኑ ወፍራም ክፍል፣ አጥንት ሳይነካ፣ 74 ዲግሪ የሚያሳይ ቴርሞሜትር ነው፤ ጭኑ ወደ 80 ቢደርስ ይበልጥ ይለሰልሳል። ችግሩ ጭኑ እስኪደርስ ደረቱ መድረቁ ነው። ለዚህ የሚረዳው ጨው ነው፦ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 12 ግራም ጨው፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ከውጪም ከውስጥም አሽቶ፣ ሳይሸፍኑ ፍሪጅ ማስቀመጥ። ጨው መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፤ ውሃው ጨዉን አሟሙቶ መልሶ ወደ ሥጋው ይገባል፤ ቆዳው ደግሞ ስለሚደርቅ ኦቨን ውስጥ ይንኮሻኮሻል። በጨው ውሃ የተነከረ ነው የሚል ማሸጊያ ካለው ግን ጨው አትጨምሩበት።

በረዶ የሆነ ተርኪ በረዶው እስኪለቀው ፍሪጅ ውስጥ ለየሁለት ኪሎው አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ 6 ኪሎ ማለት ሦስት ቀን። የበዓል ዋዜማ ማታ ከፍሪዘር ያወጣ ሰው መሀሉ በረዶ የሆነ ሥጋ ነው የሚጠብሰው። ሥጋውን ማጠብ ጀርሙን በኩሽናው ሁሉ ከመርጨት ውጪ ጥቅም የለውም። ሆዱ ውስጥ የሚሞላ ነገር ካለም እሱም 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ለብቻው መጋገር ስለሚቀል እኔ ያንን እመርጣለሁ። ከወጣ በኋላ ዶሮ 15 ደቂቃ፣ ትልቅ ተርኪ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይረፍ። ወዲያው ከተቆረጠ ፈሳሹ ሳህኑ ላይ ይቀራል።

ያ የዕረፍት ጊዜ ለኦቨኑም ይጠቅማል፤ ባዶ ስለሆነ አትክልቱና ዳቦው በዚያች ግማሽ ሰዓት ይገባሉ። ማዕዱ ከሚቀርብበት ሰዓት ወደኋላ እየቆጠራችሁ ማን መቼ ኦቨን እንደሚገባ ጻፉ። አንድ ኦቨን ላይ 160 የሚፈልግ ጣፋጭና 220 የሚፈልግ ድንች በአንድ ሰዓት ከተገናኙ አንዱ መነሳት አለበት፤ የሚነሳው ሁልጊዜ ጣፋጩ ነው፣ ቀድሞ ሊሠራ ስለሚችል።

ከጣፋጮች የእንቁላልና የወተት ክሬም ሰው ያስፈራል፤ የሚያስፈራው ግን ሁለት ዓይነት መሆኑ ስለማይታወቅ ነው። ስታርች የሌለበት ስስ ክሬም (500 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 5 አስኳል፣ 100 ግራም ስኳር) ከ82 እስከ 84 ዲግሪ ይበስላል። ከዚያ ካለፈ አስኳሉ ይረጋና ይጓጉላል። ትኩሱን ወተት በአስኳሉ ላይ በቀስታ እያማሰላችሁ አፍስሱ፤ ከዚያ ወደ ድስቱ መልሳችሁ የማንኪያውን ጀርባ እስኪለብስ በዝግታ አብስሉ። ዱቄት ወይም የበቆሎ ስታርች የገባበት ወፍራም ክሬም ግን ተቃራኒ ነው፤ የግድ መፍላት አለበት። አስኳል ውስጥ ስታርችን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ፤ ካልፈላ ሳይሞት ቀርቶ ማታ የወፈረው ክሬም ጠዋት ውሃ ሆኖ ይገኛል። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ሳያቋርጡ ማማሰል ይበቃዋል።

ለካራሜል 200 ግራም ስኳርና 60 ሚሊ ሊትር ውሃ በወፍራም ድስት ይጣዳል። ስኳሩ ከሟሟ በኋላ አታማስሉት፤ ድስቱን ብቻ አወዛውዙት። ዳር ላይ የደረቀች አንዲት የስኳር ቅንጣት ተመልሳ ከገባች ሁሉንም ወደ ድንጋይ ትለውጠዋለች፤ ውሃ በነካ ብሩሽ ዳሩን መጥረግ ወይም ጥቂት የሎሚ ጠብታ መጀመሪያ መጨመር ይከላከላል። ቀለሙ ብርቱካናማ ቡናማ ሲሆን አውርዱ፤ ድስቱ ራሱ ማብሰሉን ይቀጥላል። ክሬም የሚጨመርበት ከሆነ ክሬሙ ሞቅ ያለ፣ ድስቱም ጥልቅ ይሁን፤ ገንፍሎ ይወጣልና።

ጄላቲን (ፈሳሽ የሚያረጋ ዱቄት)፦ 7 ግራሙ 500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ያረጋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ አምስት ደቂቃ ይነከራል፣ አይፈላም። ጥሬ አናናስ፣ ፓፓያና ኪዊ እንዳይረጋ ያደርጉታል፤ የታሸገው አናናስ ግን ስለተቀቀለ ችግር የለውም። ቸኮሌት ሲቀልጥ አንድ ጠብታ ውሃ ከነካው ይደድራል፤ ያኔ መፍትሔው ትኩስ ክሬም ጨምሮ ወደ ሶስ መለወጥ ነው።

የቀዘቀዙ ጣፋጮች ሁለት ቀን ቀድመው ይሠሩ፤ ያልተቀባ ኬክ በደንብ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ወር ይቆያል፤ ሲወጣ በረዶው እስኪለቀው ከነመጠቅለያው ይቆይ። ከማዕዱ የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ፣ ጥልቀት በሌለው ዕቃ፣ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ። ከሦስት አራት ቀን በላይ አይቆይ። አጥንቱን በዚያው ማታ በውሃ ጥዱት፤ ሦስት ሰዓት በዝግታ ከተንተከተከ የሚቀጥለው ቀን ሾርባ ይወጣዋል።