ዝም ያለው ቫልቭ

የኮሮላዬ ሞተር ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ እየዞረ) ሲቆም መቆራረጡን ትቷል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ክረምቱን ሙሉ ስጠብቅ ስለ ነበር ደስታዬ ከልክ ያለፈ ቢመስላችሁ አትፍረዱብኝ።

መኪናዋ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 የተሠራች ዲኤክስ ናት። 1.6 ሊትር ሞተር፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ካርቡራተርና ብልጭታውን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍል ዲስትሪቢውተር አላት፤ ችግሯን የሚናገርላት ኮምፒውተር የላትም። እኔም መካኒክ አይደለሁም፤ የሳምንቱን ሥራ ጨርሼ ቅዳሜና እሁድ ግቢ ውስጥ ኮፈን ከፍቼ የምማር ሰው ነኝ። ዘይትና ፊልትሮ መቀየሩን፣ ፍሬን ሬጂስትሮ ማድረጉን፣ ራዲያተር ማጠቡን እዚህ አልዘረዝርም። ያን የሚያሳይ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም።

የሞተሩ መቆራረጥ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው የዝናብ ነው። ጅማ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ሞተሩ ይነሣል፣ ነገር ግን እስኪደርቅ ድረስ ይንተፋተፋል። የዚህኛው መፍትሔ ቀላል ነው። ሲመሽ መብራት አጥፍታችሁ ሞተሩን አስነሡና በካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ገመዶቹ ላይ ጥቂት ውኃ በመርጫ ርጩ፤ እጃችሁን ግን ከገመዶቹ አርቁ። ሽፋኑ የተሰነጠቀ ገመድ ካለ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ሞተሩ ብረት ሲዘል በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ እያንዳንዱን ገመድ በመልቲሜትር ለኩ። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ለአንድ ገመድ የሚፈቅደው ቢበዛ 25 ኪሎ ኦም ነው። የእኔዎቹ ከዚያ ያለፉ ነበሩ። ገመዶቹ ተቀየሩ፣ የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ተጸዳ፣ የዝናቡ ጉዳይ በዚሁ አበቃ።

ሁለተኛው ግን እንቅልፍ የነሣኝ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ምንም የለበትም። ከሰፈሬ ከቆጪ ተነሥቼ የጅማው መርካቶ ደርሼ ስቆም፣ የሙቀት መርፌው መሀል ላይ ሲደርስ፣ መሪው እጄ ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከማርሚታው የሚወጣው ድምፅ በየዙሩ አንድ ምት ይጎድለዋል። ነዳጅ ትንሽ ስሰጠው ይስተካከላል፤ ስለቅቀው ይመለሳል።

የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ ካንዴላ ቀይር፣ ካልሆነ ቦቢና (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን) ቀይር፣ ካልሆነ ካርቡራተሩን አሳጥብ። ይህን “ቀይረህ ሞክር” የሚባል ዘዴ አልወደውም፤ በግልጽ ልናገር፣ እቃወመዋለሁ። ገንዘብ ይበላል። ከገንዘቡ የከፋው ደግሞ ሁለት ዕቃ በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ሞተሩ ቢስተካከል እንኳ የትኛው እንዳስተካከለው አለማወቁ ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ምንም አልተማረም ማለት ነው።

ስለዚህ መኪናዋን ወደ ጅሬን ወሰድኋት። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ኮረብታ የሚወጣው ዳገት ለእኔ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። የእሳት፣ ማለትም የብልጭታ፣ ችግር ያለበት ሞተር ሸክም ሲበዛበት ነው የሚጋለጠው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱ ሲጨምር ብልጭታው ክፍተቱን ለመዝለል ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋልና፣ የደከመ ቦቢና ወይም ገመድ እዚያ ላይ ይከዳል። የእኔዋ ዳገቱን ያለ አንዳች መቆራረጥ ወጣች። ከላይ ደርሼ በሚኒሞ ሳቆማት ግን ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረች። በሸክም ደኅና ሆኖ በሚኒሞ የሚቆራርጥ ሞተር አንድም ሊገባበት በማይገባው ቀዳዳ በኩል አየር እየሳበ ነው፣ አንድም አንዱ ሲሊንደር ግፊቱን መያዝ አቅቶታል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግፊቱ ሾልኮ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል፤ ሲፈጥን ጊዜ ያጣል። ነዳጅ ሲሰጠው የሚስተካከለውም ለዚህ ነው።

በየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ መለየት ከባድ አይደለም። የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ፣ መያዣው በላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ ንቀሉ፤ የተነቀለው ገመድ ጫፍ ላይ ትርፍ ካንዴላ ሰክታችሁ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩት እንጂ ተንጠልጥሎ አይቅር። ሞተሩ የባሰ ከተንገጫገጨ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛውን ስነቅል ምንም ለውጥ አልነበረም። የሦስተኛውን ካንዴላ ከአንደኛው ጋር አቀያየርሁ፤ ችግሩ አልተከተለውም። ገመዱንም እንዲሁ። የሳሙና ውኃ በአየር ማስገቢያው ዙሪያ ረጨሁ፤ ሚኒሞው አልተለወጠም፤ አየር የሚሾልክበት ቀዳዳ አልተገኘም ማለት ነው። የቀረው ግፊት ነበር።

እዚህ ላይ ለጅማ ሰው የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። የጥገና መጽሐፉ የዚህ ሞተር ጤናማ ግፊት 12 ባር አካባቢ ነው ይላል። ይህ ቁጥር ግን በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ሞተሩም የሚያምቀው ያገኘውን አየር ብቻ ነው። እዚህ አዲስ ሞተር እንኳ 10 ባር ገደማ ነው የሚያሳየው። መጽሐፉን ብቻ አይቶ “ሞተርህ አልቋል፣ ይውረድ” የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር ካለፈ አንድ ነገር አለ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ስለካ አራቱም ተቀራራቢ ነበሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ለክቶ፣ ደኅና ነው ብሎ ይዘጋል። በደንብ አሙቄ፣ የእሳቱን መስመር አቋርጬ፣ አራቱንም ካንዴላ አውጥቼ፣ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጬ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ሳዞረው መለኪያው 9.5፣ 9.4፣ 6.8፣ 9.6 አሳየ። ሦስተኛው ራሱን አጋለጠ! በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሬ እንደገና ለካሁ። የፒስተን ቀለበት ችግር ቢሆን ዘይቱ ለጊዜው ይደፍነውና ቁጥሩ ይወጣ ነበር። አልወጣም፤ ስለዚህ ችግሩ የሲሊንደሩን የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ ነው።

ሰፈራችን ያሉትን አንድ አዛውንት መካኒክ ጠየቅሁ። “ጋሼ፣ ቫልቭ ቢሆን ይንጫጫ አልነበር?” አልኋቸው። “አይ ልጄ፣ የሚንጫጫው ክፍተቱ የሰፋው ነው። እሱ ጆሮህን እንጂ ሞተርህን አይጎዳም። ዝም ያለውን ፈልግ” አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭስ ቫልቩ ከመቀመጫው ጋር ሲፋተግ ዓመታት ቆይቶ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ግንዱ በዚያው ልክ ወደ ሮከሩ፣ ማለትም ቫልቩን ገፍቶ ወደሚከፍተው ክንድ፣ ይጠጋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል። ሲሞቅ ግንዱ ይረዝምና የቀረችው ክፍተት ትጠፋለች፤ ቫልቩም ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል። የጭስ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስረክበው በአብዛኛው ሲዘጋ ከመቀመጫው ጋር በመነካካት ስለሆነ፣ ካልተዘጋ ጠርዙ ይቃጠላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ ድምፅ ነው።

የቫልቩን ክዳን አነሣሁ። ለዚህ ሞተር በሙቁ የሚፈለገው ክፍተት ለአየር ማስገቢያው 0.20፣ ለጭሱ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። በሦስተኛው የጭስ ቫልቭ ላይ የፊለር ጌጁ (ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ብረቶች) 0.10 እንኳ አልገባም። ዳዶውን አላልቼ፣ በካቻቢቴ ብሎኑን ጥቂት በጥቂት ወደ ኋላ እያዞርሁ፣ 0.30ው ስስ ብረት ገብቶ ሲሳብ ያዝ እስኪያደርግ ድረስ አስተካከልሁት። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ ስለሚዞር ካጠበቃችሁ በኋላ ሁልጊዜ እንደገና ለኩ። ይህን የያዝ ማድረግ ስሜት በጽሑፍ ማስተላለፍ አልችልም፤ የሚያውቅ ሰው እጅ ላይ አይታችሁ ተማሩት።

አሁን ሦስተኛው ሲሞቅ 8.9 ይሰጣል። ሚኒሞው ተረጋግቷል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጥሁት የውኃ ብርጭቆ አይፈስም። ከሌሎቹ ጋር ግን እኩል አይደለምና የቫልቩ ጠርዝ ትንሽ ሳይቃጠል እንዳልቀረ እገምታለሁ። አንድ ቀን ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ቫልቩና መቀመጫው መሠራት አለባቸው። እውነቱን ለመናገር ያን ሥራ እፈራዋለሁ፤ እስከዚያው ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ክፍተቱን ዳግመኛ እለካለሁ። እንደገና ጠብቦ ከተገኘ ማመንታት የለም፣ ይወርዳል።

በከተማችን ቴስታታ በጥንቃቄ የሚሠራ ማሽን ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። የግፊት መለኪያው እኔ ዘንድ ነው፤ ቆጪ አካባቢ ያላችሁ መጥታችሁ ተዋሱ። ስትመጡ ግን ሞተራችሁን አሙቃችሁ ኑ።