70 ሰዓት፣ 4 ድሪቶ

ኅዳር ላይ አንድ አሮጌ ደብተር አንስቼ የስፌት ሰዓቴን መመዝገብ ጀመርኩ። እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ እዚሁ ባሕር ዳር ወላጅ የሌላቸው ልጆች ለሚያድጉበት ቤት በነጻ እንሰፋለን። ከእራፊ የተቀጣጠለ የልጅ ብርድ ልብስ ነው። እናቴ አየችውና «ይሄማ ድሪቶ ነው» ብላ ሳቀች። ድሪቶ ነው እንግዲህ፤ ግን ያምራል።

እስከ ጥር መጨረሻ ስደምረው 76 ሰዓት መጣ። ደብተሩን መለስ ብዬ ሳየው አንዱ ቀን ላይ 8 ሰዓት ይላል። እኔ 8 ሰዓት ቁጭ ብዬ ልሰፋ? ወገቤን አውቀዋለሁ! ለካ ስጀምር ከስልኬ አይቼ 3 ብዬ፣ ስጨርስ ደግሞ በእኛው አቆጣጠር 11 ብዬ ጽፌዋለሁ። የጀመርኩት 9 ሰዓት ላይ ነበር። 6 ሰዓት ተቀነሰ፣ 70 ቀረ። አሁን የግድግዳውን ሰዓት ብቻ ነው የማየው።

የመጀመሪያው ብርድ ልብስ 23 ሰዓት በላ፤ አራተኛው 14። እጄ የፈጠነ መስሎኝ ነበር። ደብተሩ ግን ሌላ ነው የሚለው፦ ከ23ቱ ማሽን ላይ የነበርኩት 9ኙን ብቻ ነው። ሌላው መምረጥ፣ ማጠብ፣ መተኮስ፣ መቁረጥ። 5ቱ ደግሞ የሰፋሁትን መልሶ መፍታት! ለገበር የገዛሁትን አቡጀዲ ሳላጥብ ሰፍቼው፣ ሲታጠብ ገብቶ ላዩን ጭምድድ አደረገው። አሁን ሳልቆርጥ በፊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ።

መቁረጡንም በዓይን መገመት ትቻለሁ። ከካርቶን 14 በ14 ሳንቲሜትር መለኪያ ሠራሁ። በየጎኑ 1 ሳንቲሜትር ለስፌት ሲሄድ 12 ይቀራል። 8 ወደ ጎን፣ 10 ወደ ታች ሲገጠም 96 በ120 ይሆናል። 80 ቁራጭ ማለት ነው። ማዕዘኑ ካልገጠመ ግን ከሩቅ ያስታውቃል፤ የመጀመሪያውን አይታችሁት ቢሆን ትስቁ ነበር።

መብራት ሲጠፋ ማሽኔ የእግር ስለሆነ ግድ የለውም። የሚያስቸግረው ካውያው ነው። አንዷ ጎረቤቴ የከሰል ካውያ አላት። ከሰሉ እስኪቀጣጠል የምንጠብቀው ይቆጠር አይቆጠር ብለን ተከራከርን። እኔ ይቆጠር ባይ ነበርኩ። እሷ ግን «ቡናስ ያፈላነው በየትኛው ከሰል ነው?» አለችኝ።

አልቆጠርነውም።