ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ስድስት ቀን ካካ ሳይል ሲቀር

«ሲስተር፣ መርፌው ነው ሆዱን ያደረቀው?» የ45 ቀኑ ክትባት በተሰጠ በሳምንቱ በአሥር ቀኑ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ልጁ ጡት በያዘ ቁጥር ጨርቅ ያበላሽ የነበረ ነው፤ አሁን አምስት ስድስት ቀን ዝም ብሏል። እናት እንቅልፍ አጥታለች፣ አያት ቅቤ አዘጋጅታለች። ከደሴ ቢመጡም ከከሚሴ፣ ከኩታበር ቢመጡም ከሐይቅ፣ ነገሩ አንድ ነው።

መርፌው አይደለም፤ ዕድሜው ነው። ክትባቱና የአንጀቱ ለውጥ አንድ ሰሞን ስለሚገጣጠሙ መርፌው ይታማል። አራስ ልጅ ሆዱ ወተት ሲገባበት ትልቁ አንጀቱ ወዲያው ይነሣል፤ እየጠባ ካካ የሚለውም ለዚህ ነው። ወደ ስድስት ሳምንት ሲጠጋ ይህ ይረግባል። በዚያ ላይ የእናት ወተት ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሰውነት ስለሚገባ የሚተርፈው ዝቃጭ ጥቂት ነው፤ እስኪጠራቀም ቀናት ይፈጃል። ስድስት ሳምንት ያለፈው፣ ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ሰባት ቀን፣ አልፎ አልፎም አሥር ቀን ቆይቶ የሚወጣው ለስላሳ ከሆነ ድርቀት አይባልም። ሲመጣ ግን ጀርባው ድረስ ነው የሚደርሰው። ይህን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ አለዚያ በማግስቱ «አሁን ደግሞ ተቅማጥ ያዘው» ብለው ይመለሳሉ።

በፊት መጀመሪያ የምጠይቀው «ካካ ካለ ስንት ቀኑ ነው?» ብዬ ነበር። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። ስድስት ቀን የሚል ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። የሁለት ወር ልጅ ላይ ጤና ነው፤ የአሥር ቀን ጨቅላ ላይ ብዙውን ጊዜ ወተት በቅጡ እየደረሰው አይደለም ማለት ነው። የቀኑን ቁጥር ቀድሜ ስሰማ «ጡት ብቻ ከሆነማ ችግር የለውም» ለማለት እቸኩላለሁ፤ በዚያ ችኮላ የሚያመልጠኝ ደግሞ የተራበው ጨቅላ ነው። የተራበ ጨቅላ ሁልጊዜ አያለቅስም። አቅም ሲያንሰው ተኝቶ ይውላል፣ ቤተሰቡም «ጨዋ ልጅ ነው» ይለዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፦ መጀመሪያ ዕድሜው በቀን ተቆጥሮ፣ ቀጥሎ ሚዛኑ፣ ቀጥሎ የመጨረሻው ካካ መልክ፣ ከዚያ ከጡት ሌላ አፉ የገባ ነገር። ስንት ቀን እንደቆየ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ከስድስት ሳምንት በታች ላለ ልጅ የምጠብቀው የታወቀ ነው። በተወለደ በ24 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ ሬንጅ የመሰለ፣ የሚያጣብቅ ጥቁር ካካ ይወጣል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ወደ አረንጓዴ ይሄድና በአምስተኛው ቀን ገደማ ቢጫ ይሆናል፤ እርድ የነካው እርጎ ይመስላል፣ መሐል መሐሉ ላይ ፍርፍር አለው። ከዚያ ወዲያ በቀን ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ይላል። አሥር ጊዜ ቢልም ተቅማጥ አይደለም። በአምስተኛው ቀን ገና ጥቁር ከሆነ ግን ጡት ሲጠባ አያለሁ፤ ያንን ጥቁሩን ገፍቶ የሚያስወጣው ወተቱ ራሱ ነውና።

ሽንቱ ሁለተኛው ምስክር ነው። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ በደንብ የራሰ ጨርቅ መኖር አለበት። «ኧረ ይሸናል» የሚለው መልስ ግን አያሳርፈኝም፤ በተለይ ዳይፐር ከሆነ እርጥበቱን ስለሚውጠው እናትየውም በእርግጠኝነት አታውቅም። አንድ ደረቅ ዳይፐር ወይም የታጠፈ ጨርቅ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ አፈስና በእጇ እንድትመዝነው አደርጋለሁ። «ይህን ያህል ይከብዳል?» ስላት ፊቷ መልሱን ይነግረኛል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በኋላ ጨርቁ ላይ የጡብ ዱቄት የመሰለ ቀይ ብናኝ ከታየም ደም ሳይሆን የወፈረ ሽንት ነው፤ ወተቱ ማነሱን ይጠቁማል።

ሚዛን ላይ የሚበላሸው ነገር ልብስ ነው። ደሴ ብርድ ነው፤ ልጅ ማራቆት ያስፈራል። ባለፈው በሹራብና በፎጣ የተመዘነ ልጅ ዛሬ ራቁቱን ቢመዘን «ቀነሰ» ይባላል፣ የተገላቢጦሹም እንደዚሁ። የራሰ ዳይፐር ብቻውን የአንድ ሳምንት ጭማሪ ያህል ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ መስኮቱን ዘግቼ ሁልጊዜ ራቁቱን ነው የምመዝነው። ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀንሳል፤ ቅነሳው ከተወለደበት ክብደት 10 በመቶ ከደረሰ አሳሳቢ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ተወለደበት ክብደት ይመለሳል። ከዚያ እስከ ሦስት ወር በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም፣ በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም ይጨምራል። ይህን ያህል እየጨመረ ካካው የሚዘገይ ልጅና ሳይጨምር የሚዘገይ ልጅ በሽታቸው አንድ አይደለም።

ካልጨመረ መድኃኒት አልፈልግለትም፤ ጡት አያያዙን አያለሁ። አፉ በሰፊው ተከፍቷል? የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል? አገጩ ጡቱን ነክቷል? ከጡቱ ጥቁር ክብ ከላይ በኩል የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበልጣል? ከሁሉ በላይ ጆሮዬን አቀናለሁ፤ መምጠጥ ብቻውን አይበቃም፣ መዋጡ መሰማት አለበት። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት፣ ሌሊቱን ጨምሮ። አንዱን ጡት ሳያጋምስ ወደ ሌላው ማዞርም የተለመደ ስሕተት ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ቅባት የበዛበት ወተት ይቀርበታል።

ብዙ ሰው ድርቀት የሚለው ሌላም ነገር አለ፤ ማማጡ። ልጁ ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ያምጣል፣ ያቃስታል፣ አሥር ደቂቃም ሃያ ደቂቃም ያለቅሳል፤ ከዚያ የሚወጣው እንደ እርጎ የላላ ነው። ይህ ድርቀት አይደለም። ሆዱን ወደ ታች መግፋት ለምዷል፣ በዚያው ሰዓት ከታች ያለውን ጡንቻ ማላላት ግን ገና አልተማረም፤ ሁለቱን እስኪያስማማ ጥቂት ሳምንታት ይወስድበታል። የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሳሙና ቁራጭ፣ በቅቤ የራሰ ጥጥ ወይም ቴርሞሜትር ከኋላው የሚከቱ አሉ። ወዲያው ይወጣለታል፣ ስለዚህ የሠራ ይመስላል። ሳሙናው ስሱን ቆዳ ይልጣል፤ ልጁም ከኋላው ካልተነካ በራሱ ማለትን ሳይለምድ ይቆያል።

ድርቀት የምለው ሌላ ነው፤ እንደ ፍየል በጠጥ የተድቦለቦለ፣ ጠጣር፣ ሲወጣ የሚያም፣ አንዳንዴም በላዩ የደም ክር ያለበት። ጡት ብቻ በሚጠባ ልጅ ላይ ይህ ብርቅ ነው። በጠጥ ካየሁ ስለ ጡት መጠየቄን ትቼ ሌላ ምን እንደገባ እጠይቃለሁ፤ ጥያቄውንም «ሌላ ምግብ ትሰጪዋለሽ?» ብዬ አላቀርበውም። ውሃ፣ አብሽ፣ ቅቤ በእናትና በአያት ዘንድ ምግብ አይባልማ። አንድ በአንድ ስም እየጠራሁ ነው የምሄደው።

ቅቤ ማስዋጥ አንጀት ያለሰልሳል ተብሎ ነው። አደጋው አንጀቱ ላይ ሳይሆን ሳንባው ላይ ነው፤ ጨቅላ ሲውጥ በቀላሉ ወደ መተንፈሻው ያልፍና የሳንባ ምች ያመጣል፣ ቅባት ደግሞ ሳል ሳይቀሰቅስ ሾልኮ ይገባል። ዘይትም እንደዚሁ። የስኳር ውሃ ትንሿን ሆድ ይሞላና ጡት ያስተወዋል፤ ጡት ሲቀንስ ወተት ይቀንሳል፣ ወተት ሲቀንስ ካካው ይዘገያል፣ ከዚያ «አሁንም አልወጣውም» ተብሎ ሌላ ስኳር ይበጠበጣል። በቆላው፣ በከሚሴና በቆቦ በኩል፣ «በዚህ ሙቀት እንዴት ውሃ ይከለከላል?» ይሉኛል። የእናት ወተት 88 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፤ በሙቀት ጊዜ የሚጨመረው የመጥባቱ ብዛት ነው፣ መጠጣት ያለባት እናትየው ናት። ጤና አዳም ቡና ውስጥ ይግባ፣ ሕፃን አፍ ውስጥ አይግባ። ማር ደግሞ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ፈጽሞ አይቀመስም። ውስጡ ሊኖር የሚችል ተሕዋስ በሕፃን አንጀት በቅሎ ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ያወጣል፤ የዚያ ሕመም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ምልክቱ ራሱ ድርቀት ነው። ለሕፃን ሆድ ቁርጠት ተብሎ የሚሸጠውን ግራይፕ ዋተር በተመለከተ፣ ድርቀት አይፈታም፤ ገንዘባችሁን ያዙት።

እናትየው ተልባ ስትጠጣ የሚለቀው የራሷ ሆድ ነው። ልጁን አይጎዳም፣ አይፈታለትምም። ሽሮ በላሽ፣ ምስር በላሽ ተብላ የምትራብ አራስ ሳይ ግን እናደዳለሁ።

ከአገሩ ልማድ ውስጥ ያለማመንታት የምደግፈው እግር ላይ ማስቀመጥን ነው። እናት መሬት ተቀምጣ እግሮቿን ትዘረጋለች፣ ልጁን ፊቱን ወደ እሷ አድርጋ በሁለቱ እግሮቿ መካከል ታስቀምጠዋለች፣ ጀርባውንና አንገቱን በእጇ ደግፋ። ጉልበቱ ወደ ሆዱ ይታጠፋል፣ የአንጀቱ መውጫም ይቃናል። ጀርባው ላይ ተንጋሎ ከማማጥ እጅግ ይሻላል። እግሩን አቃንቶ ግጥም አድርጎ መጠቅለል ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ለብርዱ ሲባል ቢጠቀለልም ከወገብ በታች እግሩን የሚያነሣበት ቦታ ይተውለት።

ማሸት ከተፈለገ ከጠባ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይሁን፤ ወዲያው ከሆነ ያስመልሰዋል። እጅ ይሙቅ። ከልጁ ሆድ ቀኝ በኩል ከታች ይጀመራል፣ ወደ ላይ እስከ ጎድን አጥንቱ፣ ከዚያ ተሻግሮ ወደ ግራ፣ ከዚያ በግራ በኩል ወደ ታች። ትልቁ አንጀት የሚሄደው በዚህ መንገድ ስለሆነ የተገላቢጦሹ ማሸት ወደ ኋላ መግፋት ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ሁለቱን ጉልበቶች ወደ ሆዱ አጥፎ እስከ አሥር እየቆጠሩ መያዝና መልቀቅ፣ አራት አምስት ጊዜ።

እውነተኛው ድርቀት በብዛት የሚመጣው ስድስት ወር ሞልቶ ምግብ ሲጀመር ነው፤ እዚያ ላይ ነገሩ ይለወጣል፣ የቀን ቁጥርም ትርጉም ያገኛል። ደጋው ላይ የገብስ ገንፎ፣ ቆላው ላይ የማሽላ፣ ሁለቱም ያለ ጥራጥሬና ያለ አትክልት ድርቅ ብለው ይሰጣሉ። በዚያ ላይ የላም ወተት ይጨመራል፤ ዓመት ሳይሞላው ዋና መጠጡ የሆነ የላም ወተት ሆድ ያደርቃል፣ የደም ማነስም ያመጣል። የማደርገው ይህ ነው፦ የገንፎው እህል ሦስት እጅ ከሆነ ጥራጥሬው አንድ እጅ፣ በሳህን አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ የተፈጨ ጎመን ወይም ዱባ። ከመርሳ ከተማ በኩል የሚመጣ የበሰለ ፓፓያ ተፈጭቶ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ጧትና ማታ። ጠንከር ያለ ሙዝ ይቅር፣ ልጣጩ ነጠብጣብ ያወጣው ግን ይሁን። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ከምግብ ጋር በስኒ፣ በቀን ባጠቃላይ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ። ጡቱ አይቋረጥም። የዱቄት ወተት የሚጠጣ ከሆነ ማንኪያው በቢላ የተስተካከለ ይሁን፤ «እንዲጠግብ» ተብሎ የሚጨመር አንድ ማንኪያ ስንቱን ልጅ በጠጥ አስወጥቷል።

አንዳንዱን ግን ቤት አላቆየውም፣ ዛሬውኑ ወደ ደሴ ወይም ወልድያ ሆስፒታል ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ጥቁሩ ካካ ያልወጣለት ጨቅላ አንጀቱ ላይ ነርቭ የጎደለው ቁራጭ ሊኖር ይችላል፤ ወይም መውጫው ራሱ ክፍት አይደለም። ይህን የሚያጣው ዳይፐር ገልጦ ያላየ ሰው ብቻ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ አረንጓዴ የሚያስመልሰው፣ ደም የቀላቀለ የሚለው፣ ትኩሳት ያለበት፣ መጥባት የተወ፣ ለቅሶው የደከመና ዓይነ ሽፋኑ የወደቀበት አይጠበቅም። ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈና ካካው ነጭ፣ ኖራ የመሰለ ልጅ በተለይ አይጠበቅም፤ የሐሞት መስመሩ ተዘግቶ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ሁለት ወር ሳይሞላው ሲደረግ ነው የሚበጀው። ምንም ምልክት ባይኖረው እንኳ አሥር ቀን ያለፈውን አስመጥቼ ሆዱን እዳስሳለሁ።

ይህን ሁሉ አሁን የምናገረው ልጁ ሆዱ «ደርቆ» ሲመጣ አይደለም፤ የ45 ቀኑን መርፌ ተወግቶ እናቱ እያባበለችው ሳለ ነው። «ከእንግዲህ ካካው ሊዘገይ ይችላል። ለስላሳ ከሆነ፣ ከሸና፣ ከጠባ ተዪው።» አያት አብራ መጥታ ከሆነ ወደ እሷ ዞሬ ነው የምናገረው፣ «እማማ፣ ቅቤውን ለአራሷ ራስ ያድርጉላት» እያልኩ። ቅቤው ያለው እሳቸው እጅ ነው።